ሊጉ የማን ነው? በክለቦችና በፌዴሬሽኑ መካከል ያለው የሥልጣን ድርሻ

የፕሪምየር ሊጉ ጨዋታ አዳማ ላይ በሚካሄድበት በአንዱ ሰሞን ለሥራ ጉዳይ ወደዚያው ወርጄ ነበር። ጉዳዬን በጊዜ ጨረስኩና ወደ አዲስ አበባ ከመመለስ ይልቅ ወደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም አመራሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ከደራ በሚኒባስ የመጣ የአዳማ ከተማ ደጋፊ ነው። በጨዋታው ማኻል የሕግ ሰው መሆኔን ሲሰማ ዘወር ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህንን ውድድር የሚመራው ማነው? ዳኛ ሲያጠፋ ፌዴሬሽኑ ነው ይሉናል። ጨዋታው ከከተማ ወደ ከተማ ሲዛወር ካምፓኒው ነው ይሉናል። ክለብ ገንዘብ ሲያጣ ደግሞ ከተማ አስተዳደሩ ነው ይባላል። ታዲያ እኛ የምንጮኸው በማን ላይ ነው?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ለሠላሳ ዓመት ያህል ከሕግ ጋር ስኖር የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ኃላፊነት በሦስት ሰዎች መካከል በግልጽ ሳይከፋፈል ሲቀር ሦስቱም ከኃላፊነት ነጻ እንደሚሆኑ ነው። የዛሬው ጽሑፌም ለዚያ ወጣት በቦታው አሟልቼ ያልሰጠሁት መልስ ነው።

የነገሩ አመጣጥ

በአገራችን ክለብ ከፌዴሬሽን ይቀድማል። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ሲሆን የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ሰዎች መጀመሪያ ቡድን መሠረቱ፤ ቀጥለው ቡድኖቹ እርስ በርስ የሚጋጠሙበትን ሥርዓት የሚያስከብር አካል አስፈለጋቸው። አቶ ይድነቃቸው ተሰማን የመሰሉ ሰዎች በአንድ በኩል ተጫዋች፣ በሌላ በኩል የእግር ኳሱ ተቋም ገንቢ የሆኑበት ዘመን ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) ከመሠረቱት ጥቂት አገሮች አንዷ ስትሆን፣ አቶ ይድነቃቸውም ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

በደርግ ዘመን ክለቦች በመሥሪያ ቤት፣ በፋብሪካና በጦር ክፍል ተደራጁ። በዚህ በስምጥ ሸለቆው አካባቢም የወንጂ ስኳርና የመተሐራ ስኳር ቡድኖች የሚታወሱት ከፋብሪካው ሠራተኛ ሕይወት ጋር ተያይዘው ነው። እንዲህ ባለው ሥርዓት ውስጥ ክለብ የራሱ መብት ያለው አካል ነው ብሎ የሚከራከር አልነበረም። የቡድኑ ባለቤትም፣ የፌዴሬሽኑ አለቃም፣ የሜዳው ጌታም ዞሮ ዞሮ መንግሥት ነበርና።

በ1990 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉ በአሁኑ መልኩ ሲጀመርም ይህ አስተሳሰብ አልተለወጠም። ፌዴሬሽኑ መርሐ ግብር ያወጣል፤ ፌዴሬሽኑ ይዳኛል፤ ፌዴሬሽኑ ይቀጣል፤ ስፖንሰር ቢገኝም ተዋዋዩ ፌዴሬሽኑ ነው። ክለቦች ወጪውን ይሸፍናሉ፤ ውሳኔው ላይ ግን ከጠቅላላ ጉባዔው ድምፅ ሰጪዎች መካከል ጥቂቶቹ ናቸው። በጉባዔው ክልሎችም፣ የከተማ አስተዳደሮችም፣ የሙያ ማኅበራትም ይቀመጣሉ።

ነገሩ የከረረው በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. ነው። በየስታዲየሙ የደጋፊዎች ግጭት በርክቶ፣ ግጭቱም የብሔር መልክ እየያዘ መጥቶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ዋዜማ ላይም ስለ ሊጉ አወቃቀርና ስለ ተሳታፊዎቹ ብዛት ከባድ ውዝግብ ተነሳ፤ የአዲስ አበባ ክለቦች የራሳችንን ውድድር እናዘጋጃለን እስከማለት ደረሱ። የውዝግቡ መውጫ ሆኖ የተገኘው ሊጉን ለክለቦቹ ማስረከብ ነበር። መጀመሪያ በዐቢይ ኮሚቴ፣ ቀጥሎም ክለቦቹ ባለድርሻ በሆኑበት የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር አማካይነት የውድድሩ አመራር ወደ ክለቦች ተሻገረ። የመጀመሪያው የውድድር ዓመት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ቢቋረጥም ለውጡ ግን ጸና።

ሁለት ዓይነት ፍጡራን

ለሕግ ባለሙያ ፌዴሬሽኑና አክሲዮን ማኅበሩ ሁለት የተለያዩ ፍጡራን ናቸው። ፌዴሬሽን አባላቱ ለአንድ የጋራ ዓላማ የሚሰባሰቡበት፣ ትርፍ የማይከፋፈልበት ማኅበር ነው። ተጠያቂነቱም ለሁለት ወገን ነው፤ ወደ ታች ለጠቅላላ ጉባዔው፣ ወደ ላይ ደግሞ ለካፍና ለዓለም አቀፉ ማኅበር ለፊፋ። አክሲዮን ማኅበር ግን የንግድ ሕግ ልጅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግም ሆነ እሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት አክሲዮን ማኅበር ዳይሬክተሮች፣ ኦዲተርና የባለአክሲዮኖች ጉባዔ ያለው፣ ኃላፊነቱም በሀብቱ ልክ የተወሰነ የንግድ ድርጅት ነው። ፌዴሬሽን «ለእግር ኳሱ ምን ይበጃል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። አክሲዮን ማኅበር ደግሞ «ለባለአክሲዮኖቼ ምን ይበጃል?» ይላል። ሁለቱ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ አንድ መልስ አላቸው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

በሊግ አክሲዮን ማኅበር ላይ ደግሞ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። በተራ ኩባንያ አክሲዮን ንብረት ነው፤ ባለቤቱ ካልሸጠው ወይም ካላወረሰው በቀር አብሮት ይኖራል። በሊግ ግን ክለብ ከሊጉ ሲወርድ ድርሻውን ለሚያድገው ክለብ መልቀቅ አለበት፤ አለዚያ በሜዳ የተሸነፈው ክለብ በጉባዔ ድምፅ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ የሊግ ኩባንያ መመሥረቻ ጽሑፍና መተዳደሪያ ደንብ ከሌላው ኩባንያ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለው የሚወሰነው በገንዘብ ሳይሆን በእግር ነውና።

ማን ምን ይዟል?

አሁን ባለው አሠራር ክፍፍሉ በጥቅሉ የሚከተለውን ይመስላል።

አንደኛ፣ የፕሪምየር ሊጉ መርሐ ግብር፣ የጨዋታ ከተሞች ምርጫ፣ የቴሌቪዥንና የስያሜ መብት ሽያጭ፣ የገቢው ክፍፍል የአክሲዮን ማኅበሩ ሥራ ነው። በየሳምንቱ በተጫዋቾችና በክለቦች ላይ የሚወሰነው የሥነ ሥርዓት ቅጣትም በመጀመሪያ ደረጃ የሚታየው በእሱው ኮሚቴ ነው።

ሁለተኛ፣ ዳኞችን የማሠልጠንና የመመደብ፣ የተጫዋቾችን ዝውውር የመመዝገብ፣ ብሔራዊ ቡድኖችን የማስተዳደር፣ ከፕሪምየር ሊጉ በታች ያሉትን እንደ ከፍተኛ ሊግ ያሉ ውድድሮች የመምራት፣ ይግባኝ የመስማት ሥልጣን የፌዴሬሽኑ ነው።

ሦስተኛ፣ በጣም ትልቅ ሆኖ ሳለ ብዙ የማይወራለት ሥልጣን የክለብ ፈቃድ ነው። ካፍ በአህጉራዊ ውድድር የሚሳተፍ ክለብ በስፖርት፣ በመሠረተ ልማት፣ በአስተዳደር፣ በሕግና በፋይናንስ መመዘኛዎች ተፈትኖ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ፈቃድ ሰጪው ደግሞ ብሔራዊው ፌዴሬሽን ነው። ስለዚህ ሊጉን ያሸነፈ ክለብ ወደ አፍሪካ የሚወጣበት በር ቁልፉ ያለው በፌዴሬሽኑ እጅ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የፊፋ መተዳደሪያ ደንብ አለ። ደንቡ ሊጎችም ሆኑ ሌሎች የክለቦች ስብስቦች ለብሔራዊ ማኅበሩ ተገዢ እንዲሆኑና በእሱ ዕውቅና እንዲሠሩ ይደነግጋል። ይህ ማለት ክለቦቹ በ2012 ዓ.ም. ያገኙት ሥልጣን በንግድ ሕግ ዓይን የራሳቸው ቢሆንም በእግር ኳስ ሕግ ዓይን የውክልና ሥልጣን ነው። ወካይ ውክልናውን ሊያነሳ ይችላል። መቼ፣ በምን ምክንያት፣ በምን ያህል ማስጠንቀቂያ የሚለው የሚመለሰው በሁለቱ መካከል ባለው ስምምነት ብቻ ነው።

ሌሎች እንዴት ተካፈሉ?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች ፕሪምየር ሊጋቸውን ኩባንያ አድርገው ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1992 ነው። ሃያዎቹ ክለቦች እያንዳንዳቸው አንድ አክሲዮንና አንድ ድምፅ አላቸው፤ ዋና ዋና ውሳኔዎች ቢያንስ የ14 ክለቦችን ድምፅ ይጠይቃሉ። ነገር ግን ብሔራዊው ማኅበር ጨርሶ አልወጣም። «ልዩ አክሲዮን» የሚባል አንድ ድርሻ ይዞ ቀርቷል፤ በዚህም በዕለት ተዕለቱ ሥራ ሳይገባ በአንዳንድ መሠረታዊ ጉዳዮች ላይ እምቢ የማለት መብት አለው።

ጀርመኖች ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. የሁለቱን ከፍተኛ ዲቪዚዮኖች 36 ክለቦች በአንድ የሊግ ድርጅት አሰባስበው፣ ከብሔራዊው ማኅበር ጋር መሠረታዊ ውል በሚባል ጽሑፍ አስተሳሰሯቸው። ሊጉ ለማኅበሩ ከገቢው ይከፍላል፤ ማኅበሩም ለብሔራዊ ቡድን ለሚወስዳቸው ተጫዋቾች ለሊጉ ይከፍላል። በዚያ ላይ «ሃምሳ ሲደመር አንድ» የሚባለው ደንብ በክለቡ ኩባንያ ውስጥ አብላጫው ድምፅ በአባላት ማኅበሩ እጅ እንዲቆይ ያስገድዳል።

ለእኛ ሰው እምብዛም የማይታወቀው፣ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው የራግቢ ሊግ ታሪክ ነው። ራግቢ ሊግ በ13 ተጫዋቾች የሚካሄደው የራግቢ ዓይነት ሲሆን የተወለደውም በዚህ ጠብ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1895 ሃደርስፊልድ ከተማ ውስጥ በአንድ ሆቴል ከ20 በላይ የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ተሰብስበው ከራግቢው ማኅበር ተገነጠሉ። ምክንያታቸው አንድ ነበር፤ ቅዳሜ ለመጫወት ሲሉ የማዕድንና የፋብሪካ ሥራቸውን ለሚያጓድሉ ተጫዋቾች የቀረባቸው ደመወዝ እንዲካካስ ፈለጉ፤ ማኅበሩ እምቢ አለ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ያው ጠብ ተመልሶ መጣ። በአውስትራሊያ በ1995 አንድ የመገናኛ ብዙኃን ኩባንያ ክለቦችን እየወሰደ ተፎካካሪ ሊግ አቋቋመ፤ በ1997 በአንድ አገር ሁለት ሊጎች ጎን ለጎን ተካሄዱ። በ1998 በእኩል ድርሻ ተዋሐዱ፤ በመጨረሻም በ2012 አመራሩ ለገለልተኛ ኮሚሽን ተሰጠ። በእንግሊዝ ደግሞ የሱፐር ሊግ ክለቦች በ2018 የራሳቸውን ሥራ አስፈጻሚ ሾመው ከብሔራዊው አካል ራቅ ብለው ሞከሩት። አልተሳካም። በ2022 ንግዱን የሚመራ የጋራ ኩባንያ አቋቁመው ተመልሰው ተቀራረቡ። ሁለት አስተዳደር፣ ሁለት ደመወዝ፣ ሁለት ጽሕፈት ቤት ለአንድ ትንሽ ገበያ ከብዶ ተገኘ ማለት ነው። (ከዚህ በላይ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገንዘቡ መጣ፣ ሜዳው ሄደ

ወደ ቤታችን እንመለስ። ክለቦቹ ሊጉን ከተረከቡ በኋላ ያገኙት ትልቁ ፍሬ የቴሌቪዥን ውል ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የዲኤስቲቪው መልቲቾይስ ለአምስት የውድድር ዓመታት የስርጭት መብቱን በ22.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገዛ። በአማካይ በዓመት 4.5 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ነው። ሊጉም የስፖንሰሩን ስም ይዞ ቤትኪንግ ፕሪምየር ሊግ ተባለ። በፌዴሬሽኑ ዘመን ታይቶ የማይታወቅ ገንዘብ ነበር። እውነቱን ለመናገር ክለቦቹ «ንግዱን እኛ ብንይዘው ይሻላል» ያሉት ክርክር በዚህ ተረጋግጧል።

ነገር ግን ውሉ ሌላም ነገር ይዞ መጣ። ጨዋታዎቹ በጥቂት ከተሞች እየተሰባሰቡ መካሄድ ጀመሩ። መነሻው ወረርሽኙ ነበር፤ የስርጭቱ ምቾትና ብቁ ሜዳዎች ማነሳቸው ደግሞ አጸናው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናገዱ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ አዳማም ተራዋን አገኘች።

አዳማ ድሮም የስብሰባ ከተማ ናት፤ እንግዳ መቀበል ታውቅበታለች። የሊጉ ቡድኖች ሁሉ ለሳምንታት ሲያርፉባት ሆቴሉም፣ ባጃጁም፣ ጭማቂ ቤቱም ይሠራል። የአዳማ ሰው ለዘመናት በቴሌቪዥን ያያቸውን ቡድኖች በአንድ ሰሞን በደጁ ያያል። ይህ ጥቅም ነው፤ መካድ አይገባም።

ከአዳማ ወደ ደቡብ ስንወርድ ግን ሌላ ታሪክ እናገኛለን። ሻሸመኔ ከተማ በ2015 ዓ.ም. ወደ ፕሪምየር ሊጉ አደገ። ለከተማው ትልቅ ደስታ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግን ውድድሩ በአዳማ፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ሲካሄድ ከረመ፤ ሻሸመኔም በዓመቱ መጨረሻ ተመልሶ ወረደ። የሻሸመኔ ሕዝብ ክለቡን ፕሪምየር ሊግ አድርሶ አንድም የፕሪምየር ሊግ ጨዋታ በገዛ ሜዳው ሳያይ ቀረ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ ነው። የሜዳ መግቢያ ገቢው፣ የደጋፊው ድምፅ፣ ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው የሚያዩት ኳስ፣ ሁሉም ሌላ ከተማ ቀረ።

ይህንን ውሳኔ ማን ወሰነው? በመደበኛ አነጋገር ክለቦቹ በአክሲዮን ማኅበራቸው። ነገር ግን በዚያ ዓመት አዲስ የገባ ክለብ ባለፉት ዓመታት የተቆረጠ ውልና የተለመደ አሠራር ጠብቆት ነው የገባው። ድምፅ አለው፤ አማራጭ ግን አልነበረውም።

የፌዴሬሽኑንም ሥልጣን በተግባር ያየነው እዚሁ አዳማ ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በነበረው ጦርነት የተነሳ ሦስቱ የትግራይ ክለቦች ስላልተሳተፉ ሊጉ በ13 ቡድኖች ተካሄደ። በሰንጠረዡ ግርጌ የጨረሰው አዳማ ከተማ ነበር። የሦስቱ ክለቦች ቦታ እንዴት ይሞላ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ከግርጌው ሦስት ቡድኖችን ከከፍተኛ ሊጉ ሦስት ቡድኖች ጋር የሚያጋጥም የማሟያ ውድድር ተዘጋጀ። አዳማ ከተማ፣ ጅማ አባ ጅፋርና ወልቂጤ ከተማ በዚሁ አልፈው በሊጉ ቆዩ። አዳማ ስለተረፈች ደስ ብሎናል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ደንብ ውድድሩ ሳይጀመር መታወቅ ሲገባው ሰንጠረዡ ከተዘጋ በኋላ መበጀቱ ለሕግ ሰው አይዋጥም። ከላይ ሊጉ የክለቦች ነው፤ ከታች ከፍተኛ ሊጉ የፌዴሬሽኑ ነው፤ በመካከላቸው ያለው መሰላል የማን እንደሆነ ግን በዚያ ወቅት ግልጽ አልነበረም።

ለመሆኑ «ክለብ» ማለት ማነው?

እስካሁን «ክለቦች» ስል የቆየሁት እንግሊዞች በሚሉት ትርጉም ነው። እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ክለብ ባለሀብት አለው፤ የጀርመን ክለብ አባላት አሉት። የእኛስ?

አዳማ ከተማ፣ ሐዋሳ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ ፋሲል ከነማ... ስማቸው ራሱ ይናገራል፤ ጀርባቸው የከተማ አስተዳደር ነው። መቻል የመከላከያ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮጵያ መድንና ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ የመንግሥት ድርጅቶችን ስም ይዘዋል። እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ሰፊ የደጋፊ መሠረት ያላቸው ክለቦች በቁጥር ጥቂት ናቸው።

ፊፋ አንድ ሰው ወይም አንድ ድርጅት ከአንድ በላይ ክለብ በመቆጣጠር የውድድሩን ንጽሕና አደጋ ላይ እንዳይጥል ማኅበራት እንዲከላከሉ ያዛል። በ2016 ዓ.ም. ንግድ ባንክ፣ በ2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መድን ሻምፒዮን ሆነዋል። ሁለቱም በሜዳ ያገኙት ድል ነው፤ ማንም አይነጥቃቸውም። ይሁን እንጂ ክለቦቹ የሚጠሩባቸው ሁለቱ ተቋማት ዛሬ በአንድ የመንግሥት የኢንቨስትመንት ሆልዲንግ ሥር ያሉ መሆናቸውን ስናስብ «ባለቤት» የሚለው ቃል በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይላል።

እንግዲህ የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። «ሥልጣን ከፌዴሬሽን ወደ ክለቦች ተሻገረ» ስንል በአብዛኛው ሥልጣኑ የተሻገረው ከአንድ የሕዝብ አካል ወደ ሌላ የሕዝብ አካል፣ ማለትም ወደ ከንቲባዎችና ወደ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ነው። የክለቡ ፕሬዚዳንት በሊጉ ጉባዔ ባለአክሲዮን ሆኖ ይቀመጣል፤ ከተማው ወይም ክልሉ ደግሞ በፌዴሬሽኑ ጉባዔ ሌላ ድምፅ አለው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የተባለው ምክር እዚህ በሥራ ላይ ውሏል። ሁለት ባላ የሌለው፣ ሒሳቡን ግን በግብሩ የሚከፍለው የከተማው ነዋሪ ነው። የአዳማ ነጋዴ የንግድ ገቢ ግብር ሲከፍል ከብሩ ውስጥ ስንቱ ለአጥቂ ፊርማ እንደሚውል ማንም አይነግረውም።

ተጫዋቹስ የት አለ?

በዚህ ክፍፍል ውስጥ ወንበር ያልተዘጋጀለት ሌላም ወገን አለ። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተስማምተው የተጫዋቾች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ወሰኑ። በቅርብ ዓመታትም ሊጉ ክለቦች ለተጫዋች የሚያወጡትን ክፍያ የሚገድብ መመሪያ ይዞ መጥቷል። ሐሳቡን አልቃወምም። የከተማ በጀት ለዝውውር ገበያ ሲረጭ ማየት ያሳምማል፤ ልጓም ያስፈልገዋል።

ጥያቄው ልጓሙን ማን ያዘው የሚለው ነው። ቀጣሪዎች ሁሉ ተሰብስበው የተቀጣሪዎችን ደመወዝ ሲወስኑ ተቀጣሪዎቹ በክፍሉ ውስጥ ካልነበሩ ነገሩ ስምምነት አይባልም። በሌላው ዓለም የደመወዝ ጣሪያ የጸናባቸው ሊጎች ብዙዎቹ ጣሪያውን ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር በድርድር ያቆሙ ናቸው። እኛም የኅብረት ስምምነትን የሚያውቅ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለን። ያለ ድርድር የተጣለ ጣሪያ በጓዳ በር ይፈርሳል፤ ከውሉ ላይ ያልተጻፈ ክፍያ አለ የሚለው ሐሜት ከስፖርት ቤተሰቡ አፍ ጠፍቶ የማያውቀውም ለዚህ ነው። የራግቢ ሊግ ሰዎች በ1895 የተገነጠሉት በዚሁ በተጫዋች ክፍያ ጉዳይ እንደነበር ልብ ይሏል።

መንግሥት ጣልቃ ይግባ?

«ታዲያ መንግሥት ለምን አያስተካክለውም?» የሚል አይጠፋም። መልሱን በ2000 ዓ.ም. በውድ ዋጋ ገዝተነዋል። ያን ጊዜ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስ በጉባዔ ሲሻሩ ፊፋ ሽረቱን አልቀበልም አለ። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ፌዴሬሽናችን ታገደ፤ በመስከረም 2001 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ቡድናችን ከ2010ሩ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተሰረዘ። እገዳው የተነሳው አዲስ አመራር ከተመረጠ በኋላ ነው። ትክክለኛው ማን ነበር የሚለውን ዛሬ አላነሳም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ የእግር ኳስ ሥልጣን ውዝግብ በአዋጅ ወይም በደብዳቤ አይፈታም።

ፍርድ ቤትም ቢሆን በቀላሉ የሚደረስበት መንገድ አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው ይላል። የፊፋ ሥርዓት ግን የእግር ኳስ ክርክር በግልግል አካላት፣ በመጨረሻም ሎዛን ባለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት እንዲያልቅ ይፈልጋል። የአንድ የወረዳ ከተማ ክለብ ሎዛን ድረስ ይሟገታል ብሎ ማሰብ ደግሞ ዘበት ነው።

እዚህ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የሰጠው ውሳኔ ይጠቅመናል። በሚያዝያ 2021 አሥራ ሁለት ታላላቅ ክለቦች የራሳቸውን ሱፐር ሊግ አውጀው በቀናት ውስጥ የፈረሰባቸውን ጉዳይ የሚመለከት ነው። ፍርድ ቤቱ የእግር ኳስ አስተዳዳሪዎች አዲስ ውድድርን የመፍቀድና የመከልከል ሥልጣን ሊኖራቸው እንደሚችል አልካደም። የነቀፈው ሥልጣኑ ግልጽ፣ ተጨባጭና አድልዎ የሌለበት መመዘኛ ሳይኖረው መገኘቱን ነው። ውሳኔው እኛን አይገዛም፤ አመክንዮው ግን ለየትኛውም አገር ይሠራል።

ምን ይደረግ?

እንግዲህ እኔ የምለው ሊጉ ወደ ፌዴሬሽኑ ይመለስ አይደለም። ክለቦቹ ንግዱን ከፌዴሬሽኑ በተሻለ እንደሚመሩት አሳይተዋል። ፌዴሬሽኑም ጨርሶ ይውጣ አልልም፤ ዳኛ መዳቢውና ተዳኚው አንድ ከሆኑ ጨዋታ አይኖርም። የምለው አራት ነገር ነው።

ሊጉ ለክለቦች የተላለፈበት ስምምነት ከነዝርዝሩ ለሕዝብ ይገለጥ። ዘመኑ፣ የፌዴሬሽኑ ድርሻ፣ የሚቋረጥበት ምክንያት፣ ሁለቱ ሲጋጩ የሚዳኛቸው አካል በግልጽ ይጻፉ። የሕዝብ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ውል የምሥጢር ወረቀት ሊሆን አይገባም።

የመውጣትና የመውረድ ደንብ፣ ያልተጠበቀ ነገር ሲገጥም የሚሠራበትን ጭምር፣ በሁለቱ የጋራ ፊርማ ብቻ የሚለወጥ ይሁን፤ የውድድር ዘመን ከተጀመረ በኋላም አይነካ። መሰላሉ የጋራ ንብረት ነው።

የተጫዋቾችና የደጋፊዎች ተወካዮች በሊጉ ጉባዔ መቀመጫ ያግኙ። ድምፅ ለመስጠት ባይሆን እንኳ ለመስማትና ለመናገር።

በከተማ በጀት የሚተዳደር ክለብ ደግሞ ዓመታዊ ሒሳቡን ለከተማው ምክር ቤት በይፋ ያቅርብ። የአዳማን ክለብ ሒሳብ የአዳማ ሰው፣ የሻሸመኔን የሻሸመኔ ሰው ይመርምር። ይህ ፊፋን አያስቆጣም፤ በጀት የሰጠ ምክር ቤት በጀቱን መቆጣጠሩ ጣልቃ ገብነት አይደለምና።

ያ የደራ ልጅ ጨዋታው ሲያልቅ «ታዲያ በማን ላይ እንጩህ?» ብሎ በድጋሚ ጠየቀኝ። የዚያን ቀን «በሁሉም ላይ» ብዬው ሳቅን። አሁን ግን መልሴ ሌላ ነው። ዳኛ ሲያጠፋ በፌዴሬሽኑ ላይ ጩኽ፤ ሜዳህ ሲወሰድ በሊጉ አክሲዮን ማኅበር ላይ ጩኽ። ከሁሉ አስቀድመህ ግን ለሁለቱም ገንዘቡን ወደሚያወጣው፣ በአንተ ስም ባለአክሲዮን ወደሆነው ወደ ከተማህ ምክር ቤት ሂድና ውሉን አሳዩኝ በል። ሊጉ የማን እንደሆነ የሚለየው ውሉን የመጠየቅ መብት ያለው ማን እንደሆነ ሲታወቅ ነው።